ኩረጃና እንቆቅልሽ

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ ኩረጃ ነው። ርዕሱን አይታችሁ “አሁን ደግሞ ምክር ሊመጣ ነው” ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት! “ኩረጃ ሌብነት ነው” የሚለውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በሰልፍ ላይ ስንሰማው ኖረናል። ግን ፈተና በመጣ ቁጥር አጤሬራው አልቀረም። እኔ የምነግራችሁ በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለተጫወትናቸው ሦስት ጨዋታዎች ነው።

የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂው “እንቆቅልህ” ሲል መላሹ “ምን አውቅልህ” ይላል፤ መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል። ቲቸር ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። በመጀመሪያው ዙር ጎንደርም፣ ሐረርም፣ ጅማም ተሰጠ፤ ሳቁ ሌላ ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን ያኛው ቡድን ጥያቄው ሳያልቅ መመለስ ጀመረ። እኛ አገር ስንሰጥ ስንሰጥ አዲስ አበባ ሳትቀር ሄደች። መርካቶንም አብረን ሰጠናት ማለት ነው! ለካስ ቲቸር ከእነሱ ውስጥ ለሦስት ልጆች መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በድብቅ ሰጥተዋቸው ኖሯል።

ጉዱ የመጣው በሦስተኛው ዙር ነው። በዚህ ዙር ለማንም ወረቀት አልተሰጠም፤ ቲቸርም ይህን ነግረውናል። ከዚያኛው ቡድን አንድ ልጅ ከባድ እንቆቅልሽ መለሰ። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ “ወረቀት አለው! ይፈተሽ!” ብሎ ጮኸ። ልጁ “አያቴ ናት የነገረችኝ” ቢል ማን ይስማው? ኪሱን ገልብጦ አሳየ፤ ከብይ በቀር ምንም አልነበረውም። ፊቱ ግን ተለዋውጦ ነበር። ቲቸር “በሁለተኛው ዙር ኩረጃ የተጎዳው ማን ነው?” ብለው ሲጠይቁን መጀመሪያ ሁላችንም “እኛ ነና፣ የተሸነፍነው!” አልን። ቆይቶ አንዷ “እሱም ነው” ብላ ወደ ልጁ ጠቆመች።

ይህ በክፍል ውስጥ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ጥያቄ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ግንቦት ላይ ተቋረጠ። ተማሪዎቹ እንደገና የተፈተኑት ሐምሌ ላይ ነው። ያኔ ማኅበራዊ ሚዲያም ለጥቂት ቀናት ተዘግቶ ነበር። ጥያቄውን ያየውም፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና የከረመውም እኩል ቤቱ ተመልሶ እኩል ጠበቀ። ከዚያ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ኩረጃን ለማስቀረት ተብሎ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ተፈታኞች ስልክ ሳይዙ እዚያው እያደሩ ተፈተኑ። ውጤቱ ሲመጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በነገራችን ላይ ይህን ሰምተው “በፊት ያለፉት ሁሉ ኮራጆች ነበሩ” የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። በኪሱ ብይ ብቻ የተገኘውን ልጅ ስላየሁ ነው።

ሁለተኛው “የዱቤ ደብተር” ይባላል። የመርካቶ ልጅ ዱቤ አይጠፋውም። ደንበኛ የፈለገው ዕቃ ሱቃችን ውስጥ ከሌለ ከጎረቤት ሱቅ ሮጦ ማምጣት ያለ ነው። ግን ይጻፋል፤ ማታ ሒሳቡ ለባለቤቱ ይሰጣል። ሳይጻፍ ከቀረ ስሙ ሌላ ነው። በጨዋታው ከሳይንስ መጽሐፋችን አንድ አንቀጽ አንብበን፣ መጽሐፉን ዘግተን በራሳችን አነጋገር እንጽፋለን። የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር እንዳለ መውሰድ የፈለገ “ዱቤ” ብሎ የመጽሐፉን ስምና ገጹን ከጎኑ ይጽፋል፤ ነጥብ አይቀነስበትም። ሳይጽፍ የወሰደ ከተያዘ ሁለት ነጥብ ይቀነስበታል። እስከዚያን ቀን ድረስ ብዙዎቻችን ከመጽሐፍ መገልበጥን ጥናት ይመስለን ነበር። ሌላም ነገር አየን፤ በራስ አነጋገር ለመጻፍ መጀመሪያ ነገሩ መግባት አለበት። ያልገባው ልጅ ሁሉንም ዱቤ አድርጎት ክፍሉን አሳቀ፤ ግን ሕጉን አልጣሰም።

ሦስተኛው ብዙ ያጨቃጨቀን ነው። ከክፍሉ አንዱ ጥግ “ይፈቀዳል”፣ ሌላው “አይፈቀድም”፣ መሐሉ “ያከራክራል” ተባለ። ቲቸር ካርድ ሲያነቡ እያንዳንዳችን ያመንንበት ቦታ ሄደን እንቆማለን፤ ለምን እንደቆምንም እንናገራለን። “ለጓደኛ የሒሳብ ጥያቄ አሠራሩን ማስረዳት” ሲባል ሁላችንም ወደ ይፈቀዳል ሮጥን። “ፈተና ላይ ወረቀትን ዘንበል አድርጎ ማሳየት” ሲባል ግን ክፍሉ ተከፈለ። አንዱ ልጅ “አላሳይም ካልኩ ምቀኛ ይሉኛል፤ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ደግሞ አብረን ነው የምንሄደው” አለ። እውነቱን ነው። እዚህ ላይ ምክር አይሠራም። “በቡድን ሥራ ያልሠራን ልጅ ስም መጻፍ” በሚለው ካርድ ደግሞ ብዙ ሰው ያከራክራል ላይ ተጨናነቀ፤ ምክንያቱም አንድ ልጅ ሠርቶ አምስት ስም የሚጻፍበት ሥራ ስንት እንደሆነ እናውቃለን።

ከሁሉ የማልረሳው ግን “የቤት ሥራ ጠዋት ከጓደኛ መገልበጥ” የሚለውን ነው። ሁሉም አይፈቀድም ጋ ሲቆም አንዲት ልጅ ብቻዋን መሐል ቀረች። “እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እስኪመሽ የእናቴን መደብ እጠብቃለሁ። እቤት ስንገባ መብራት ቢኖርም ዓይኔ አይከፈትም” አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከእኛ ውስጥ በርበሬ ተራም፣ ሸማ ተራም፣ ምናለሽ ተራም ቤተሰቡን የሚያግዝ ብዙ ነው። ቲቸር አልተቆጧትም፤ “ታዲያ ምን ይሻላል?” ብለው ለሁላችን ጠየቁ። በረጅሙ እረፍት የቤት ሥራውን አብረን እንድንጀምር አንዱ ሐሳብ አቀረበ። አሁን ስድስት ልጆች ሆነን እየሠራን ነው፤ ማስረዳት ይፈቀዳል፣ ደብተር መስጠት አይፈቀድም። እሷም ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ያልተጨረሰ የቤት ሥራ ይዛ የምትመጣባቸው ቀናት አሉ፤ ያን ቀን ያልጨረሰችውን ለቲቸር ራሷ ትናገራለች።

የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ዓመት የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለብን። ጨዋታዎቹን በየክፍላችሁ መሞከር የምትፈልጉ ካርዶቹ በሚኒ ሚዲያ ክበባችን ክፍል ውስጥ አሉ። ያለቁት “አይፈቀድም” ላይ ሁሉም የሚስማማባቸው ናቸው፤ “ያከራክራል” ላይ የሚያቆሙ አዳዲስ ጥያቄዎች እንፈልጋለን። ጽፋችሁ እስከ አርብ በሳጥናችን ክተቱልን። ጥያቄውን ከሌላ ሰው የሰማችሁት ከሆነ ከታች “ዱቤ” ብላችሁ ጻፉበት።