አጭሯ ሌሊትና ባለአራት ስንኝ ግጥሞች

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ከዚያም በመጨረሻ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

በየዓመቱ ሰኔ 14 ቀን ገደማ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በሚገኙ አገሮች ቀኑ ከሁሉ ይረዝማል፤ ሌሊቱም ከሁሉ ያጥራል። ይህ የሚሆነው የምድር ዛቢያ ያዘመመ በመሆኑና በዚያ ጊዜ ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ስለሚያጋድል ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ በዚያ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በላትቪያ ግን በሰኔ ፀሐይ ወደ 18 ሰዓት ያህል ስታበራ፣ በብርዱ ወራት አጋማሽ 7 ሰዓት እንኳ አትሞላም። ይህን የተገነዘበ ሰው፣ የአገሩ ገበሬ የሰኔን ብርሃን ለምን በግጥም እንደሚቀበል አይጠፋውም።

በዓሉ የሚከበረው ሰኔ 16 ቀን ማታ ነው። ሴቶች የአበባ፣ ወንዶች የወርካ መሰል ትልቅ ዛፍ ቅጠል ጉንጉን በራሳቸው ላይ ይደፋሉ። በኮረብታ ላይ እሳት ይነዳል፤ እስኪነጋም አይጠፋም። ዘፋኞች ከቤት ወደ ቤት ሲሄዱ ባለቤቶቹ አይብና ጠላ መሰል መጠጥ ያቀርቡላቸዋል። በየስንኙ መጨረሻ «ሊጎ» የሚል አዝማች ይደጋገማል። በእነዚህ ግጥሞች ፀሐይ ሴት፣ ጨረቃ ደግሞ ወንድ ሆነው ይሣላሉ።

ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ትይዩ ስለምትቆም፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፤ ፀሐይ ስትወጣ ትጠልቃለች። ፀሐይ ከፍ ብላ በምትጓዝበት በሰኔ ወር፣ ሙሉ ጨረቃ በዚያ አገር ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ ዝቅ ብላ ታልፋለች። ሙሉ ጨረቃና ረጅሙ ቀን በአንድ ዕለት የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. እንዲህ ሆኖ ነበር። የጨረቃ መልክ ከዓመቱ ቀናት ጋር እንደገና የሚገጥመው በ19 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ይህ ዙር በኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብም የታወቀ ነው።

የላትቪያ ሕዝብ ግጥሞች ዳይና ይባላሉ። አብዛኞቹ አራት ስንኞች ብቻ አሏቸው። በብዙዎቹ ዘንድ አንዱ ስንኝ ስምንት ቀለማት ይይዛል፤ ከአራተኛው ቀለም በኋላም ዕረፍት አለ። እንደ አማርኛ ግጥም ግን ቤት መምታት ግዴታቸው አይደለም። በአማርኛ ተመሳሳይ ሐሳብ ቢገጠም፣ ለዚህ ትምህርት እንደ ተዘጋጀው እንደሚከተለው ምሳሌ በወል ቤት ሊቀርብ ይችላል።

ጀንበር ለጨረቃ ሌሊቱን ሰጠቻት፣
አጭር ነው አትተኚ ብላ መከረቻት፤
እኛም እንጠብቃት እሳቱን አንድደን፣
እስክትመጣ ድረስ በዜማ ተዋደን።

ዳይናዎች ለረጅም ዘመን በአፍ ብቻ ይተላለፉ ስለነበር፣ አዋቂዎቹ ባለፉ ቁጥር ግጥሞቹም አብረው ይቀበሩ ነበር። በ1835 እ.ኤ.አ. የተወለደውና ሒሳብና የሥነ ፈለክ ትምህርት የተማረው ክሪሽያኒስ ባሮንስ ይህን ጥፋት ለመግታት ተነሣ። ከየመንደሩ የተላኩለትን ግጥሞች በትናንሽ ወረቀቶች ላይ እየጻፈ፣ በ1880 ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ባለብዙ መሳቢያ ቁም ሣጥን ውስጥ በየርእሳቸው ደለደላቸው። ከ1894 እስከ 1915 ባሳተማቸው መጻሕፍት 217,996 ግጥሞች ወጡ። በዚያን ጊዜ ላትቪያ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ስለነበረች የራሷ መንግሥት አልነበራትም፤ ነፃነቷን ያወጀችው በ1918 ነው። በሶቪየት አገዛዝ ዘመንም፣ ከ1959 በኋላ በዓሉ ለተወሰኑ ዓመታት በይፋ ታግዶ ነበር። ሕዝቡ ግን ግጥሙን በቃሉም በመጽሐፍም ይዞ ስለነበር፣ እገዳው በዓሉን ሊያስረሳው አልቻለም። ቁም ሣጥኑም በ2001 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

የላትቪያው በዓል በስሙ የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ነው። በኢትዮጵያም መስከረም 1 ቀን «ቅዱስ ዮሐንስ» ይባላል፤ በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ልጃገረዶችም አበባ ይዘው በየቤቱ ይዘፍናሉ። ሁለቱ በዓላት ወራቸውና ታሪካቸው ይለያይ እንጂ፣ ብርሃንን በእሳት፣ በአበባና በግጥም መቀበል ለሁለቱም የጋራ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ከአያት የሰማውን አንድ ግጥም በወረቀት ያሰፈረ ተማሪ የባሮንስን ሥራ በመንደሩ ጀመረ ማለት ነው።

መልመጃ

1. በሰኔ የላትቪያና የአዲስ አበባ የቀን ርዝመት የሚለያየው ለምንድን ነው?
2. በዳይናና በአማርኛ ግጥም መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱ።
3. «ግጥሞቹም አብረው ይቀበሩ ነበር» ሲል ምን ማለቱ ነው?
4. በምሳሌው ግጥም ውስጥ ቤት የሚመቱትን ቃላት አውጥታችሁ ጻፉ።
5. በአካባቢያችሁ በጨረቃ ብርሃን ወይም በበዓል ዋዜማ የሚባል አንድ ቃል ግጥም ከአንድ አረጋዊ ጠይቃችሁ፣ ከማን፣ የትና መቼ እንደ ሰማችሁት ጨምራችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።