ጉቶው ያቆጠቆጠበት ተራራ፦ በወላይታ የዕለት ጭንቀትና እምነት

የሚጠናው ጉዳይ ምንድን ነው?

በዕለት ኑሮ ውስጥ የእምነት ትምህርት መፈለግ ማለት፣ ምእመኑ በእርሻው፣ በገበያው፣ በሕመሙና በዕዳው መካከል የሚያየውን ነገር ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር እያገናኘ ማስተዋል ነው። መጽናናት ደግሞ ችግሩ ባይወገድም ሰው ችግሩን ይዞ ለመቀጠል አቅም የሚያገኝበት ሁኔታ ነው። ሁለቱ አብረው ቢነገሩም አንድ አይደሉም። ትምህርቱ ሳያጽናና የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ መጽናናትም አንድ ቃል እንኳ ሳይነገር ይመጣል።

ይህ ማብራሪያ የወላይታን ዞን፣ በተለይም ተበላን ይመለከታል። ተበላ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከግማሽ የሚበልጠው ፕሮቴስታንት፣ ከ40 ከመቶ የሚበልጠው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሲሆን፣ ካቶሊኮችም አሉ። ስለዚህ የወላይታን ክርስትና የአንድ ቤተ እምነት (የሃይማኖት ተቋም) ጉዳይ አድርጎ መውሰድ አይቻልም።

ጭንቀቱ ከምን ይነሣል?

በወላይታ ገጠር ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል የእያንዳንዱ ድርሻ ይበልጥ ያንሳል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ወጣት ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ወጥቶ ጫማ በማሳመር (በሊስትሮ ሥራ)፣ በቀን ሥራ ወይም በአነስተኛ ንግድ ይተዳደራል። እናት ልጇ የት እንዳደረ ሳታውቅ የምታሳልፋቸው ሌሊቶች ከዚህ ይመነጫሉ።

ሌላው ምንጭ ዝናብ ነው። ስኳር ድንች እህል ባለቀበት ወራት ቤተሰብን የሚያሻግር ሰብል ነው። የሚተከለው ከሐረጉ ስለሆነ፣ ድርቁ ከረዘመ ለመትከያ የሚሆነው ሐረግ ራሱ ይደርቃል። በዚያን ጊዜ ዝናቡ ቢመለስም የሚተከል አይገኝም። ሜዳው ሲለመልም ድስቱ ባዶ የሚሆንበት ይህ ሁኔታ «አረንጓዴ ረሃብ» ተብሎ ይጠራል። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ምድሩ ለምልሞ ሲያይ ችግሩን አያምንም፤ ይህም ለተቸገረው ሌላ ሸክም ነው።

ስለ ነገ አለመጨነቅ ከእርሻ ዕቅድ ጋር እንዴት ይስማማል?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ክርስቶስ ስለሚበላውና ስለሚለበሰው መጨነቅ እንደማይገባ ያስተምራል፤ ለዚህም የሰማይ ወፎችንና የሜዳ አበቦችን ምሳሌ ያደርጋል። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሥራንና ዕቅድን እንደሚነቅፍ ተደርጎ ይነበባል። ክፍሉ በጥንቃቄ ሲነበብ ግን የሚነቅፈው ዕቅድን ሳይሆን የነገን መከራ ዛሬ መሸከምን ነው። መደምደሚያውም ቀን መከራ እንደሌለው አይናገርም፤ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ክፋት እንዳለው ያምናል። ማጽናኛው የሚያደርገው ነገር ጭንቀትን በአንድ ቀን ወሰን ውስጥ መከለል ነው።

የእንሰት ተክል ይህን ለመረዳት ይጠቅማል። እንሰት ሙዝ መሳይ ሲሆን የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ከተተከለ በኋላ ለምግብ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ ገና ችግኝ የሆነው፣ እኩሌታ የደረሰውና ለቆረጣ የቀረበው ጎን ለጎን ይታያሉ። ሲደርስ ሴቶች ግንዱን ዘንበል ባለ እንጨት ላይ አስደግፈው ይፍቁታል፤ የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየቦካ ይቆያል። በመጨረሻ ቆጮ ይሆናል። እንግዲህ የዛሬ ዓመት የተከለችው እናት ለነገ አስባለች። ነገር ግን ችግኙን ከተከለች በኋላ የምታደርግለት ነገር ፍግ መጨመርና መጠበቅ ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ ነቅታ ብታስብለት አንዲት ቅጠል አይጨምርም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል ማከማቸቱ የሚመሰገንለት ሥራ ነው። ዕቅድ እንጂ የነገን መከራ ዛሬ መሸከም ስላልሆነም ከማቴዎስ 6 ጋር አይጣላም።

ከክርስትና በፊት ጭንቀት ወዴት ይወሰድ ነበር?

የወላይታ ነባር እምነት ጦሳ የሚባል ፈጣሪን ያውቃል። ቃሉ ዛሬም በወላይትኛ እግዚአብሔር የሚጠራበት ነው። በዕለት ችግር ግን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ሻሬቹዋ (መናፍስትን የሚያነጋግር አዋቂ) ነበር። ልጅ ሲታመም ወይም ከብት ሲሞት የትኛው መንፈስ እንደተቆጣ ይጠየቃል፤ መሥዋዕትም ይታዘዛል። ጭንቀቱ መልስ ያገኛል፣ ሆኖም ፍርሃቱ አይቀርም፤ ነገ ሌላ መንፈስ ሊቆጣ ይችላልና።

ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ከጋሞ ምድር የተነሣው ኤሳ የተባለ ነቢይ ሕዝቡ መናፍስትን ትቶ ወደ ጦሳ ብቻ እንዲጸልይ ሰብኳል። ከሚነገርለት ትምህርት አንዱ የቤቱ አባወራ እሑድ ጠዋት ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ወደ ሰማይ በመርጨት ቤተሰቡን ወክሎ እንዲጸልይ ነው። ሥርዓቱ ቀላል ቢመስልም ያመጣው ለውጥ ቀላል አልነበረም። ጭንቀት ክፍያ ከሚጠይቅ መካከለኛ ፊት ተነሥቶ በቤት ውስጥ፣ በቤተሰብ መካከል ተቀመጠ። ኋላ የመጡት ወንጌላውያን የደረሱበት መሬት በከፊል እንዲህ የለሰለሰ ነበር።

መምህር በሌለበት ጊዜ መጽናኛው እንዴት ጸና?

የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤስ.አይ.ኤም.) ሰዎች ወደ ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ በሶዶ አጠገብ በኦቶና ጣቢያቸውን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1937 በኢጣሊያ ወረራ ምክንያት ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ቁጥር 48 ብቻ እንደነበር የሚሲዮኑ ታሪክ ይናገራል። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የነበረው ሁኔታ ለመጽናናት አመቺ አልነበረም። በወላይትኛ የተተረጎመው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነበር፤ አዲስ ኪዳን በቋንቋው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ2002 ነው። ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ነበር። እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ቁጥሩን ለማስረዳት ተአምር ብቻ የሚጠራ አለ፤ የጣሊያንን ጭቆና ብቻ የሚጠራም አለ። ከሁለቱም ይልቅ ብዙ የሚያስረዳው የዕለት ልማዱ ይመስላል። ማንበብ የሚችለው አንዱ ያነባል፣ ሌላው በቃሉ ይይዛል፣ በማግሥቱ በእርሻ ላይ ለጎረቤቱ ይነግራል። የታሰረው ቤተሰብ ማሳ በሌሎች ይታረሳል፤ እንግዳም ሲመጣ የሚበላ ይቀርብለታል። በዚህ መንገድ ቃሉ ከሥራው ተለይቶ ስላልደረሰ፣ የሰማው ሰው አብሮ የሚያየው ነገር ነበረው። ከዚያ በኋላ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮና ወደ ሌሎችም አካባቢዎች ሄደው ያስተማሩት በዚሁ ልማድ ነበር። ዛሬ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ሥር የበቀለች ናት።

ምስክርነት ለምን ያጽናናል?

በፕሮቴስታንት ጉባኤዎች ምስክርነት ማለት ምእመኑ በሕይወቱ የሆነውን ቆሞ መናገሩ ነው። የሚያጽናናበት ምክንያት ሁለት ነው። ተናጋሪው ውስጥ ለውስጥ ሲያብሰለስለው የነበረውን ነገር መጀመሪያና መጨረሻ ባለው ታሪክ ለመናገር ይገደዳል፤ ስም ያልነበረው ጭንቀት ስም ያገኛል። ሰሚው ደግሞ በራሱ ላይ ብቻ የደረሰ የመሰለው ነገር በጎረቤቱም ላይ እንደደረሰ ያውቃል። በጉባኤው መጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ «ልጁ ከታመመ ስንት ቀን ሆነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ምስክርነቱ ወደ ተግባር ተሻግሯል ማለት ነው።

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት የንስሐ አባት፣ የጽዋ ማኅበርና ዕድር ናቸው። የንስሐ አባት (ምእመኑ ኃጢአቱንና ችግሩን የሚገልጥለት ካህን) የቤተሰቡን ታሪክ ለዓመታት ያውቃል፤ ስለዚህ ጭንቀቱን እንደ አዲስ ማስረዳት አያስፈልግም። የጽዋ ማኅበር አባላት በወር አንድ ቀን በቅዱሱ መታሰቢያ ሲገናኙ የቀረውን ሰው ይጠይቃሉ። መቅረት ራሱ መልእክት ይሆናል።

ተበላ አጠገብ ያለው ተራራ ምን ያስተምራል?

በሁምቦ ተራሮች ላይ የነበረው ደን ለማገዶና ለከሰል እየተቆረጠ አልቆ ነበር። ጎርፍ አፈሩን እየወሰደ ከታች ያለውን ማሳ ያበላሽ ነበር። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪው በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ፣ ክርስቲያናዊ ድርጅት በሆነው በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር መሬት ከልቅ ግጦሽና ከቆረጣ ከለከለ። በአብዛኛው አዲስ ችግኝ መትከል አላስፈለገም። መሬት ውስጥ የቀረው ጉቶና ሥር ሕያው ስለነበረ፣ ከብት ሲቀርለት ቀንበጥ አወጣ። ሠራተኞቹ ከብዙዎቹ ቀንበጦች ጠንካራዎቹን እየመረጡ ሌሎቹን አስወገዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት (የካርቦን ቅነሳ የሚሸጥበት አሠራር) ተመዘገበ፤ ማኅበራቱም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አገኙ።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ምእመን መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 14ን ሲያነብ አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ኢዮብ በዚያ ምዕራፍ የተቆረጠ ዛፍ ተስፋ እንዳለው፣ ሥሩ በአፈር ውስጥ ቢያረጅም የውኃ ሽታ ሲያገኝ እንደሚያቆጠቁጥ ይናገራል። በሁምቦ ይህ በዓይን የታየ ነገር ነው። ብዙ ስብከት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ስብከቱም ለማጽናናት ሲቸኩል ጽሑፉን ያጎድለዋል። ኢዮብ ቀጥሎ የሚለው ሰው ግን እንደ ዛፍ አይደለም፣ ሲሞት ተኝቶ ይቀራል ነው። ዛፉን የጠቀሰው የራሱን ኀዘን ለማጉላት ነበር።

ክርስቲያን አንባቢ ስለ ትንሣኤ ከሌላ ቦታ ያውቃል፤ ስለዚህ የኢዮብን ቃል ከዚያ ጋር አያይዞ ያነበዋል። ቢሆንም ልጅ የሞተባት እናት ቤት ተገኝቶ ስለ ጉቶ ከመናገር በፊት ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። መጽሐፉ ራሱ ለኀዘን ቦታ ትቶለታል።

መጽናኛ የሚሳሳተው መቼ ነው?

ከኑሮ ምሳሌ ማውጣት አንድ የተለመደ አደጋ አለው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ክስተት ምክንያት መፈለግ ነው። እንሰቱ በአጠውልግ በሽታ (በባክቴሪያ የሚመጣ የእንሰት በሽታ) ሲጠወልግ «ምን ኃጢአት ሠርተው ነው?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ይህ ጥያቄ ወደ ሻሬቹዋ ይቀርብ ከነበረው ጥያቄ ብዙም የራቀ አይደለም። የኢዮብ ወዳጆችም የተሳሳቱት በዚህ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በመሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በወላይታ ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ጎረቤት ብዙ ሳይናገር ቀኑን ማሳለፉ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትልቅ አገልግሎት ነው። የእንሰቱ በሽታ ግን መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድና የቆረጠውን ቢላ በእሳት ማንጻት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አደጋ ሕመምን የእምነት ማነስ አድርጎ ማየት ነው። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ ወይም መኖር የታከተው ሰው ጸሎት ያስፈልገዋል፤ ሐኪምም ያስፈልገዋል። በወላይታ ሁለቱ ከመጀመሪያው ጎን ለጎን ነበሩ፤ ወንጌል ይሰበክበት በነበረው በኦቶና ግቢ ውስጥ ሕክምናም ይሰጥ ነበር። ያ የሕክምና ጣቢያ እያደገ ሄዶ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሆኗል።