ስለ ጣሳና ስለ ሚዛን

ደቻቱ ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል፥ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ነው። በዳርቻው ባለው በቀፊራ ገበያ የሚመላለስ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም በሕግ የታወቀው መለኪያ ኪሎ ሲሆን፥ በችርቻሮ ሻጭና ገዥ ብዙውን ጊዜ የሚስማሙት በጣሳ፥ በመደብና በእስር መሆኑ ነው።

የሜትር ሥርዐት በኢትዮጵያ በአዋጅ የጸናው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ ጣሳ ስለምን አልተሻረም? ምክንያቱ የሕዝቡ አለማወቅ ነው ማለት ስሕተት ነው። ሚዛን በገንዘብ ይገዛል፤ ትክክለኛነቱ መመርመር፥ ቍጥሩም መነበብ አለበት። ጣሳ ግን ውስጡ የነበረው ዕቃ ካለቀ በኋላ የተረፈ ቆርቆሮ ስለ ሆነ ወጪው ከምንም አይቈጠርም፤ ኦሮምኛ፥ ሶማልኛና አማርኛ በሚነገርበት ገበያም ሁሉ ያለ አስተርጓሚ በዐይኑ ይፈርደዋል።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሥርዐቱን ያወጣችው ፈረንሳይ ራስዋ በ1795 ብትደነግገውም፥ ሕዝቡ የለመደውን ባለመተዉ ናፖሌዎን በ1812 ለችርቻሮ የቀድሞዎቹን ስሞች የያዙ መለኪያዎች ፈቀደ። ሜትር እንደ ገና ግዴታ የሆነው በ1840 ነው።

ሆኖም ቀላል የሆነ ሁሉ ትክክል አይደለም። ጣሳ የሚለካው መጠንን እንጂ ክብደትን አይደለምና፥ ወለሉ ወደ ውስጥ የገባ ጣሳ ያጐድላል፤ ትልልቅ ሽንኩርትም በመካከሉ ባዶ ቦታ ይተዋል። ዕለት ዕለት አንድ ጣሳ የምትገዛ እናት ይህ ጥቂት ጕድለት በዓመት ሲደመር የልጆችዋን ምግብ ይቀንስባታል። በኪሎ ገዝቶ በጣሳ የሚሸጥ ነጋዴም ጣሳው ምን ያህል እንደሚይዝ ካላወቀ ትርፉን ከኪሳራው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

በአንጻሩ ኩንታል በጅምላ ንግድ ያለ ክርክር ጸንቶአል። መቶ ኪሎ ማለት አንድ ጆንያ እህል ነውና፥ ሰው በዐይኑ ያየዋል፤ በትከሻውም ያውቀዋል።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ጣሳውን በየእህሉ ዐይነት በሚዛን ፈትኖ ክብደቱን ይወቅ፤ ለገዥውም በግልጽ ይንገር። ደንብ አውጪም ጣሳን ከመንቀፍ ይልቅ ልኩ የተረጋገጠና ማኅተም ያለበት ርካሽ መስፈሪያ ለገበያው ቢያቀርብ ይሻላል። ትክክለኛው መለኪያ እንደ ጣሳ ለእጅ የቀለለ ጊዜ ገበያው ሳይገደድ ይከተለዋል።