ሰማያዊ አበባ በዘይት ጀሪካን

በዛሬው «ከአካባቢያችን እንማር» አምድ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ አንድ ሰማያዊ አበባ ነው። ብዙዎቻችሁ አበባውን አይታችሁት አታውቁም። ዘሩ ግን አሁን ራሱ እናንተ ቤት ጓዳ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከበረሃ ልጀምር።

1. ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በክረምቱ ዕረፍት አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ የምትኖረው አክስቴ አንድ ፎቶ በስልክ ላከችልን። አሸዋና ድንጋይ መሐል የበቀለ፣ ደወል የሚመስል፣ በጣም ሰማያዊ አበባ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ፋሲሊያ ካምፓኑላሪያ ይባላል። «ካምፓኑላ» በላቲን ትንሽ ደወል ማለት ነው። ተፈጥሮ ያበቀለችው ሞሃቬና ሶኖራ በሚባሉት በረሃዎች ውስጥ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ተደብቆ ዝናብ ይጠብቃል። ዝናብ ሲጥል በፍጥነት ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። አክስቴ እንደነገረችኝ እዚያ ሰዎች ውሃ ለመቆጠብ ብለው በግቢያቸው ይዘሩታል።

እኛ ቤት ደግሞ ልደታ ውስጥ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ሲመጣ ቢጫ ጀሪካኖቹን በሙሉ እንሞላለን፣ ከዚያ እስኪመጣ ድረስ አያቴ ቆጥባ ታብቃቃለች። አበባ ልትከል ብል «ልጄ፣ እኛ የምንጠጣውን ለአበባ?» ትለኛለች። ስለዚህ ውሃ ብዙ የማይፈልግ አበባ ለእኛ ቤት የተፈጠረ መሰለኝ። አክስቴ «በሰው ልላክልሽ?» ስትለኝ «አሁኑኑ!» አልኳት።

2. መምህራችን ለምን «ቆይ» አሉ?

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ለአጠቃላይ ሳይንስ መምህራችን በደስታ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን «መጀመሪያ ስለ እምቦጭ አንብቢና ነይ» አሉኝ። በጣም ከፋኝ። ሁለት ቀን አላነበብኩም። በሦስተኛው ቀን ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

እምቦጭ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ወይን ጠጅና ሰማያዊ የተቀላቀለበት፣ የሚያምር ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ቦታ የተዛመተው ሰዎች ለውበቱ ብለው ስለወሰዱት ነው። በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ተነገረ። የውሃውን ፊት እየሸፈነ ለዓሣ አጥማጆችና ለጀልባ መንገድ ይዘጋል። ከሥሩ ያለው ውሃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ዓሦች ይጎዳሉ። ገበሬዎች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት በቴሌቪዥን አይተናል።

ከውጭ የመጣ ተክል ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። በቆሎና ድንች ከአሜሪካ አህጉር፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። ችግሩ አንድ ተክል አዲስ አገር ሲገባ፣ በአገሩ የሚበሉት ነፍሳትና የሚያጠቁት በሽታዎች አብረውት ስለማይመጡ አንዳንዴ ከልክ በላይ መስፋፋቱ ነው። ወይም ዘሩ ውስጥ የተደበቀ በሽታ ይዞ መምጣቱ። ለዚህ ነው ከውጭ የሚገባ ዘር የዕፅዋት ኳራንታይን ምርመራ የሚያስፈልገው። መምህራችን «የአክስትሽ አበባ ጎጂ ነው አላልኩም፤ ሳይመረመር በፖስታ አይገባም ነው ያልኩት» አሉኝ። ለአክስቴ ደውዬ «ተይው» ያልኳት ቀን እንባዬ መጥቶ ነበር። እሷ ግን «ታዲያ እዚያው አገርሽ ሰማያዊ አበባ ጠፍቶ ነው?» ብላ ሳቀች።

3. በአገራችን የሚገኙ ሰማያዊ አበቦች

የአክስቴ ጥያቄ ፈተና ሆነብኝ። ጠይቄና ፈልጌ ሦስት አገኘሁ።

ሀ) የውሃ አንቁር፦ በክረምት አጥር ሥር የሚበቅለው፣ እኛ አረም ብለን የምንነቅለው ነው። ሁለት ትልልቅና አንድ ትንሽ ሰማያዊ ቅጠለ አበባ አለው።
ለ) ጥቁር አዝሙድ፦ አበባው ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው። ዘሩ ለዳቦና ለቅመም ይውላል።
ሐ) ተልባ፦ አዎ፣ ያው የምንጠጣው ተልባ! አበባው እንደ ጠዋት ሰማይ ሰማያዊ ነው።

ስለ ተልባ የነገረችኝ አያቴ ናት። ያደገችው ሰላሌ ነው። «መስከረም ሲጠባ የተልባው ማሳ ሰማይ መሬት የወረደ ይመስል ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ አይቼው አላውቅም» አለችኝ። አያቴ አሁን እግሯን ስለሚያማት ከግቢ አትወጣም። ያን ቀን ተልባውን ልተክል ወሰንኩ።

4. የመጀመሪያ ስህተቴ

ጓዳ ገብቼ ከብልቃጡ እፍኝ ተልባ ወስጄ ዘራሁ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። ሁለት ሳምንት፤ ምንም የለም። በመጨረሻ አያቴ «ከየትኛው ብልቃጥ ነው የወሰድሽው?» አለችኝ። ሳሳያት እየሳቀች «ይሄማ የተቆላ ነው! ሲንጫጫ አልሰማሽም?» አለች።

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ ዘር ውስጥ ሽል አለ፣ ሽሉም ሕይወት አለው። ሲቆላ በሙቀቱ ይሞታል። የተቆላ ዘር ምግብ ይሆናል እንጂ ተክል አይሆንም።

ከዚያ እናቴ ከመርካቶ ጥሬ ተልባ ገዛችልኝ። አሁን ግን ዝም ብዬ አልዘራሁም። አሥር ዘር ቆጥሬ እርጥብ ሶፍት ላይ አስቀምጬ ሸፈንኳቸው። ዘሮቹ ውሃ ሲነካቸው የሚያሙለጨልጭ ነገር ያወጣሉ። ይህ ውሃ ይዞ የሚያቆይ የዘሩ ልባስ ነው፤ ተልባ ስንበጠብጥ የሚወፍረውም በእሱ ነው። በአምስተኛው ቀን ከአሥሩ ስምንቱ በቀሉ። ስለዚህ ዘሩ ጥሩ ነው ማለት ነው።

5. አተካከሉ

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ ባዶ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ አፈር፣ አሸዋ፣ ጥሬ ተልባ።

1ኛ. ጀሪካኑን አጋድማችሁ የላይኛውን ጎን ቁረጡ። ቢላዋውን ትልቅ ሰው ይያዝላችሁ።
2ኛ. ከሥሩ ስድስት ያህል ቀዳዳ አበጁ።
3ኛ. ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ ሙሉ።
4ኛ. ዘሩን በትናችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ አፈር አልብሱት። ዘሩ ትንሽ ስለሆነ በጥልቀት ከተቀበረ ወደ ላይ ለመውጣት አቅም ያንሰዋል።
5ኛ. እስኪበቅል አፈሩ እንዳይደርቅ በእጃችሁ ውሃ እርጩ።
6ኛ. ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ቦታ አስቀምጡት።

ቀዳዳውና አሸዋው ለምን አስፈለጉ? ይህን የተማርኩት ከአክስቴ የበረሃ አበባ ነው። እሱም ውሃ የማያቁር አሸዋማ አፈር ነው የሚፈልገው። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ውሃ ከጠገበ በአፈሩ መሐል ያለው አየር ቦታ ያጣል፣ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። ጓሮ ያለው አበባ ሲሞት ሁላችንም «ውሃ አጥቶ ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ውሃ በዝቶበት ነው።

6. ሙከራው

ይህን ለማረጋገጥ ጥቅምት 10 ቀን በሦስት ጀሪካኖች 20፣ 20 ዘር ዘራሁ። አፈሩ፣ ቀዳዳውና ፀሐዩ አንድ ዓይነት ነው። መምህራችን «በሙከራ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለወጠው» ስላሉኝ የለወጥኩት ውሃውን ብቻ ነው። ከበቀሉ በኋላ በየጊዜው የማጠጣው ግማሽ ሊትር ነበር። ከ40 ቀን በኋላ ያገኘሁት ውጤት ይህ ነው።

ጀሪካን ሀ (በየቀኑ)፦ 17 በቅለው 6 ቀሩ። ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። የጠጡት ውሃ 20 ሊትር።
ጀሪካን ለ (በሦስት ቀን አንዴ)፦ 17 በቅለው 16 ቀሩ። አረንጓዴና ቀጥ ያሉ ናቸው። የጠጡት ውሃ 6 ሊትር ተኩል።
ጀሪካን ሐ (በሳምንት አንዴ)፦ 16 በቅለው 11 ቀሩ። አጫጭር ናቸው፣ ግን በሕይወት አሉ። የጠጡት ውሃ 2 ሊትር ተኩል።

ልብ በሉ! 20 ሊትር ማለት አያቴ የምትቆጥበው አንድ ሙሉ ቢጫ ጀሪካን ነው። እኔ አንድ ጀሪካን ውሃ አፍስሼ 11 ቡቃያ ገደልኩበት። ይህን ለአያቴ ስነግራት አልተቆጣችም፤ «እንግዲህ አወቅሽ» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምስርና ሩዝ ያጠብንበትን ውሃ ነው የምሰጣቸው። የሳሙና ውሃ ግን አልሰጥም።

7. አበባዬን ማን ቀጠፈው?

ታኅሣሥ 15፣ በተዘራ በ65ኛው ቀን፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ በጀሪካን ለ ላይ አንድ አበባ ፈክቶ አየሁ። አምስት ቅጠለ አበባ አለው፤ ሰማያዊ፣ ስስ፣ ደም ሥር የመሰሉ መስመሮች ያሉት። አያቴ ገና አልተነሳችም ነበርና «ስመለስ አሳያታለሁ» ብዬ ሮጥኩ። ስመለስ አበባው የለም! ቅጠሎቹ መሬት ላይ ወድቀዋል። ታናሽ ወንድሜን «አንተ ነህ የቀጠፍከው!» ብዬ ጮህኩበት። አላደረግኩም ብሎ አለቀሰ፤ አላመንኩትም። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት አበቦች ተከፈቱ። ማንም አልነካቸውም። አምስት ሰዓት ሲሆን አንዱ ቅጠለ አበባ በራሱ ወደቀ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ረገፉ። ለካ የተልባ አበባ ዕድሜው አንድ ጠዋት ነው! አበባው ራሱን በራሱ ማራባት ስለሚችል ብዙ ቀን ንብ እየጠበቀ መቆየት አያስፈልገውም። በማግስቱ ሌላ እምቡጥ ይከፈታል።

ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሙከራ ሳላደርግ በሰው ላይ መደምደሜ ከተቆላው ዘር የባሰ ስህተት ነበር።

እሑድ ጠዋት አያቴን በወንበር ጀሪካኑ አጠገብ አስቀመጥናት። ሰባት አበቦች ፈክተው ነበር። ብዙ አላወራችም። በጣቷ አንዷን ነካ አደረገችና «እሱ ራሱ ነው» አለች። ሁሉም እስኪረግፉ ድረስ ከዚያ አልተነሳችም።

8. ስለ ተልባ ተጨማሪ እውቀት

• ሳይንሳዊ ስሙ ሊነም ዩሲታቲሲመም ነው። ሁለተኛው ቃል «እጅግ ጠቃሚ» ማለት ነው። ስሙን በ1753 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ስዊድናዊው ሊኔየስ ነው።
• ከግንዱ በሚገኘው ጭረት ሊነን የሚባለው ጨርቅ ይሠራል። የጥንት ግብፃውያን ሬሳ የሚገንዙት በዚህ ጨርቅ ነበር።
• በአገራችን የሚመረተው በዋናነት ለዘሩ ነው። እንደ አርሲ፣ ባሌና ሸዋ ያሉ ደጋ ቦታዎች ይስማሙታል።
• የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ስለሚደርቅ ሠዓሊዎች ለዘይት ቀለም ይጠቀሙበታል።
• ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ብዙ ዓይነት የሰብል ዘር ሰብስቧል። አገራችንን ከዓለም የሰብሎች መገኛ ማዕከላት አንዷ ናት ብሏል። እኔ ግን ዘር ፍለጋ ካሊፎርኒያ ድረስ ልልክ ነበር!

9. ማጠቃለያ

ጥር መጨረሻ ላይ ክብ ክብ ፍሬዎቹ ደረቁ። አንዱን ስከፍተው ውስጡ አምስት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ቢበዛ ሁለት ዘር፣ በድምሩ እስከ አሥር። ዘሩን ለቅሜ በወረቀት አሽጌዋለሁ። ለእያንዳንዱ ክፍል 20 ዘር እሰጣለሁ፤ የክፍል አለቆች ከሚኒ ሚዲያ ክፍል መጥታችሁ ውሰዱ። ክረምት ሲገባ ብንዘራው በአዲሱ ዓመት ስንመለስ አደይ ቢጫ፣ ተልባ ሰማያዊ ሆነው ይቀበሉናል። አደራ፣ እንዳትቆሉት!

ራሳችሁን ፈትኑ
1. የተቆላ ዘር ለምን አይበቅልም?
2. በጀሪካን ሀ የነበሩት ቡቃያዎች ለምን ሞቱ?
3. ከውጭ አገር የመጣ ዘር ከመዘራቱ በፊት ለምን ይመረመራል?
4. የተልባ አበባ ማየት የሚፈልግ ሰው በስንት ሰዓት መምጣት አለበት?

መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት በሰልፍ ሰዓት በማይክራፎን እናነባለን። ቀድሞ ለመለሰ ተማሪ የአያቴ ተልባ አንድ ብርጭቆ ሽልማት አለው።


ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል