መብራት ሲጠፋ የተበላሸው ፍላሽ

ጥያቄ፦ ከሚሴ ከተማ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የደንበኛ ፋይል ወደ ፍላሽ እየገለበጥኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ፍላሹ «ፎርማት ይደረግ?» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኮምፒውተሩ የሚገለበጠውን ፋይል መጀመሪያ ራም በተባለው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ ያቆያል፤ ራም ደግሞ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። በፍላሽ ላይ የተለመደው ፋት32 የተባለ የፋይል አያያዝ ሥርዓት የፋይሎችን ቦታ የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ አለው። ሰንጠረዡ ተጽፎ ሳያልቅ መብራት ከጠፋ፣ ፋይሎቹ እዚያው እያሉ ኮምፒውተሩ ላያገኛቸው ይችላል። ስለዚህ ፎርማት አያድርጉ፤ አዲስ ነገርም አይጻፉበት። በፋይል ማስመለሻ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ለማውጣት ይሞክሩ። ለወደፊቱ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ይጠቀሙ፤ ቅጂው ተከፍቶ ሳይታይ ዋናውን አያጥፉ፤ «ኢጀክት» ሳይሉም ፍላሹን አይንቀሉ። ኮምፒውተሩ ፍላሹን ጭራሽ ካላየው ወይም ሰነዱ ሌላ ቅጂ ከሌለው ግን ሳይነካኩ ለዳታ ማስመለስ ባለሙያ ያሳዩት።