ኳንቲቲ ሰርቬየር ስንት ያስከፍላል?

የዛሬው ስለ ሰሊጥ ዋጋ ሳይሆን ሰሊጡ ስለሚያርፍበት መጋዘን ነው። አቦቦ ላይ መጋዘን ለማሠራት ያሰባችሁ "ኳንቲቲ ሰርቬየር በስንት ይገኛል?" ብላችሁኛል። ያው የተሠራውን ለክቶ ለተቋራጩ ስንት እንደሚገባው የሚያሰላው ባለሙያ ማለት ነው።

አንዱ ከግንባታው ዋጋ በመቶኛ ይጠይቃል፣ ሌላው በጥቅል፣ ሌላው በቀን። መቶኛውን እኔ አልወደውም፤ ግንባታው በተወደደ ቁጥር የሱም ክፍያ ያድጋላ! ከአዲስ አበባ ከመጣ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት፣ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሳይቱ መኪና፣ አልጋና አበል አለ። 15 በመቶ ቫት በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ።

ይሄን ወጪ ፈርታችሁ አንዴ ብቻ፣ ያውም ጣሪያው ከለበሰ በኋላ እንዳታስመጡት። ለምሳሌ የመሠረቱ ቦይ 120 ሜትር ርዝመት፣ 0.8 ሜትር ስፋት አለው እንበል። ወረቀቱ ላይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተብሎ የተቆፈረው 1.5 ከሆነ፣ ላልተቆፈረ 48 ሜትር ኪዩብ አፈር ትከፍላላችሁ። በዚያ ልክ ግንብ ከተሞላበት ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ የግንቡም ሂሳብ አለ፤ ዋናው ጉዳት እሱ ነው። አፈር ከተመለሰበት በኋላ ማን ይለካዋል?

ስለዚህ በጥቅል ተዋዋሉ፤ የጉዞው ቁጥር ውሉ ላይ ይጻፍ። የመጀመሪያው መሠረቱ ሳይደፈን፣ ሌሎቹ ከእያንዳንዱ የክፍያ ሰርተፍኬት በፊት። ቀጣሪው እናንተ ሁኑ እንጂ ተቋራጩ አይሁን። የልኬት ወረቀቱን ቅጂም በየጉዞው ተቀበሉት።