ከስቴሮይድ ሌላ አማራጭ አለ?

ጥያቄ፦ እኅቴ የሳንባ ሳርኮይዶሲስ አለባት ተብላ በቀን 30 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች። ፊቷ አብጧል፣ ክብደቷም ጨምሯል። ሌላ መድኃኒት የለም?

መልስ፦ አለ። ግን በራሷ እንዳታቋርጥ ይንገሯት። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ከሳምንታት በላይ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል ማምረት ይቀንሳል፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል፣ ቀስ በቀስ ነው።

ስቴሮይዱን ለመተካት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሜቶትሬክሴት ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ለሳንባ ሳርኮይዶሲስ በመጀመሪያ መድኃኒትነትም ከስቴሮይዱ ፕሬድኒሶን እንደማያንስ አሳይቷል፤ ለውጡ ግን ዘግየት ብሎ ነው የሚታየው። አደራ፣ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው! በስሕተት በየቀኑ መዋጥ ይገድላል። ፎሊክ አሲድ ይታከልበታል፤ ጉበትና የደም ሴል በየጊዜው ይመረመራሉ። ልጅ ለመውለድ ካሰበች አይሆናትም፤ ያኔ አዛቲዮፕሪን ሊታሰብ ይችላል።

በእነዚህ ካልተመለሰ ኢንፍሊክሲማብ አለ። በደም ሥር የሚሰጥ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። የተደበቀ ቲቢ ስለሚቀሰቅስ፣ በተለይ ቲቢ በበዛበት በእኛ አገር፣ አስቀድሞ ሳይመረመሩ አይጀመርም።

«ለአጥንት» ተብሎ የሚሰጠውን ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ደግሞ በደሟ ያለው ካልሲየም ሳይለካ አትጀምር፤ ሕመሙ ራሱ ካልሲየምን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።